ልጅዎ ለኮሌጅ ደረጃ ሳይንስ ደርሷል ወይ? ቤት ውስጥ ለይቶ የማወቂያ መንገድ

ጎንደር ውስጥ ካርድ በተሰጠ ማግስት ወላጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ይመሳሰላል። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ወጥቷል፤ ቤተሰቡ ደስ ብሎታል፤ ወዲያው ደግሞ "የዩኒቨርሲቲውን ሳይንስ ከአሁኑ ቢጀምረውስ?" ይባላል። አንዱ ልጁን ከ10ኛ ወደ 11ኛ ክፍል ሲያሳልፍ ናቹራል ልግባ ሶሻል በሚለው ተጨንቋል። ሌላው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ምደባ የምትጠብቅ ልጅ አለችው፤ ወራቱ በከንቱ እንዳያልፍባት ይፈልጋል። የሦስተኛው ልጅ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ቀሎት፣ የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ሞጁል ከቴሌግራም አውርዶ ማታ ማታ ያነባል።

ለሦስቱም የሚሆን አንድ መንገድ ቀጥሎ አስቀምጫለሁ። ወጪው ደብተር፣ ሲባጎ፣ ድንጋይና ሰዓት ያለው ስልክ ነው። የሚወስደው ጊዜ ግን ስድስት ሳምንት ያህል ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ልጁ የተማረውን ሲመልስ ማየት ስለ ዝግጁነቱ ብዙ አይነግረንም። መታየት ያለበት ማንም ያላስተማረውን ገጽ ብቻውን ሲጋፈጥ ምን እንደሚያደርግ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ለማየት የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚወስኑት ምን እንደሆነ ይለዩ

"የኮሌጅ ሳይንስ" ሲባል አገራችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬሽማን ኮርሶች ማለት ነው፤ ጄኔራል ፊዚክስ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ጄኔራል ባዮሎጂ፣ እንዲሁም ለናቹራል ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠው ሂሳብ። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ዳግም ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍሉ ከመግባቱ በፊት እነዚህን ያልፋል። ሕክምናም ሆነ ኢንጂነሪንግ ለመግባት የዚያ ዓመት ውጤት ስለሚታይ መጀመሪያው ላይ የሚደናቀፍ ተማሪ ምርጫው ይጠብበታል።

ስለዚህ የ10ኛ ክፍል ልጅ ወላጅ ከሆኑ የሚወስኑት አቅጣጫ ነው፤ ልጁ ዛሬ የፍሬሽማን መጽሐፍ መቻል አይጠበቅበትም፣ ወደዚያ የሚያደርስ መሠረት አለው ወይ የሚለው ይበቃል። የ12ኛ ክፍል ልጅ ካለዎት የሚወስኑት ስለ ጊዜ ነው፤ ግቢ ከመግባቱ በፊት ምን ይሙላ? ከክፍሉ ቀድሞ የሄደ ልጅ ካለዎት ደግሞ የሚወስኑት ስለ ሸክም ነው፤ ከመደበኛ ትምህርቱ ላይ ይህን ቢጨምር ይጠነክራል ወይስ ይሰበራል?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ደውለው "እዚህ ልጆች ገና ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ኮርስ ይወስዳሉ፤ የእናንተስ?" ሲሉ ቤቱ ይረበሻል። እነሱ የሚሉት ነገር እውነት ነው። እዚያ ኤፒ የሚባል የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ አለ፤ በግንቦት ወር ይፈተኑና ከ1 እስከ 5 ውጤት ይሰጣቸዋል፣ ብዙ ኮሌጆችም 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ክሬዲት ይቆጥሩለታል። ከሁለተኛ ደረጃ ሳይወጡ ኮሌጅ ሄዶ መማርም አለ፤ ያ ግን ግሬዱ ከተማሪው ጋር እስከ መጨረሻ የሚሄድ ስለሆነ እዚያም ቢሆን ወላጆች ሁለት ጊዜ ያስቡበታል። እኛ ዘንድ ግሬድ የማይያዝበት ሙከራ ቤት ውስጥ ማድረግ መቻላችን ጥቅም አለው። ልጁ ቢከብደው የሚበላሽ ወረቀት የለም።

ደረጃ 2፦ ካርዱን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት

የክፍል ደረጃ ልጁ ከጓደኞቹ አንጻር የት እንዳለ ይናገራል፤ ከትምህርቱ አንጻር የት እንዳለ አይናገርም። ይህን በቁጥር ያየነው የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ካልተሳካላቸው መካከል ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ሲወጡ የኖሩ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ እያንዳንዳችን በሰፈራችን አይተናል። ልጆቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በጦርነትና በጸጥታ ችግር በክልላችን ትምህርቱ እየተቆራረጠ ቀጠለ። ስንት ምዕራፍ ሳይነካ እንደታለፈ ካርድ ላይ አልተጻፈም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፦ ልጅዎን በወቀሳ ድምፅ ሳይሆን በእርጋታ "ከፊዚክስ መጽሐፍህ ያልተማራችሁት የትኛውን ምዕራፍ ነው?" ብለው ይጠይቁትና ማውጫው ላይ በእርሳስ ምልክት ያስደርጉት። ኬሚስትሪውንና ሂሳቡንም እንደዚሁ። ይህ ወረቀት ከካርዱ የበለጠ ያገለግልዎታል።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን በአንድ ገጽ ይፈትሹ

የፍሬሽማን ሳይንስ ላይ የሚወድቁ ልጆችን ጠጋ ብለው ቢያዩዋቸው ብዙዎቹን የጣላቸው ፊዚክስ አይደለም፤ አልጀብራ ነው። መምህሩ ቀመሩን ገልብጦ ሲሄድ ልጁ የት እንደተገለበጠ ሳያይ ቦርዱ ይጠፋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ስምንት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ይጻፉለት። ካልኩሌተር የለም፣ ሰዓትም አይያዝበትም፣ ሁሉንም ስሌት ግን በወረቀቱ ላይ ያሳይ።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? (20 ሜትር።)

የጤፍ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ 20 በመቶ ቢቀንስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል? (አይመለስም፤ ከመጀመሪያው በ4 በመቶ ያንሳል።)

36 ግራም ውሃ ስንት ሞል ነው? (2 ሞል።)

0.001 ሞላር የሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው? (3።)

6 ጊዜ 10 በ23 ከፍ ያለ፣ ሲባዛ በ2 ጊዜ 10 በኔጌቲቭ 3 ከፍ ያለ፣ ስንት ነው? (1.2 ጊዜ 10 በ21 ከፍ ያለ።)

የአንድ ኳስ ሬዲየስ እጥፍ ቢሆን የላይ ስፋቱና ይዘቱ ስንት እጥፍ ይሆናሉ? (ስፋቱ 4፣ ይዘቱ 8። ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ "ሴል ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው እንዴ?" ሊል ይችላል። ካለ ወረቀቱ ላይ ኮከብ ያድርጉለት።)

የርቀትና የጊዜ ግራፍ ላይ ያለው መስመር ተዳፋትነት ምን ማለት ነው? አሃዱስ? (ፍጥነት ነው፤ ሜትር በሰከንድ።)

የፔንዱለም አንድ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ይሆናል 2 ሲባዛ በፓይ ሲባዛ በስኩዌር ሩት ውስጥ ያለው ርዝመት ሲካፈል ለጂ (የመሬት ስበት የሚወድቅን ነገር የሚያፋጥንበት መጠን)። ጂን ለብቻዋ አውጣ። (4 ሲባዛ በፓይ ስኩዌር ሲባዛ በርዝመት፣ ሲካፈል ለጊዜው ስኩዌር።)

ሰባትና ስምንት ያገኘ ልጅ በሂሳብ በኩል አያሳስብም። አምስት ወይም ስድስት ያገኘው የጎደለውን በሁለት ሳምንት ሊሞላ ይችላል። ከዚያ በታች ከሆነ የኮሌጅ መጽሐፍ ከመክፈቱ በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሂሳብ መከለስ አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ ማስጀመር ልጁ ሳይንስን እንዲጠላ ያደርገዋል። ሆኖም ከውጤቱ በላይ የተሳሳተባቸውን ይመልከቱ። አሃዱን ረስቶ መሳሳትና ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ባዶ መተው በጣም ይለያያሉ። ባዶ የተተወ ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሞክሮ የተሳሳተ ልጅ ሊታረም የሚችል ነገር ወረቀቱ ላይ ትቷል።

ደረጃ 4፦ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ያንብብ፣ በአማርኛ ያስረዳ

ከጄኔራል ባዮሎጂ ሞጁል ስለ ሴል ወይም ስለ ሜታቦሊዝም ከሚናገረው ልጁ ያላየውን አንድ ገጽ ይምረጡ። ብቻውን ሃያ ደቂቃ ያንብበው፤ መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል። ከዚያ ወረቀቱን ዘግቶ ለእርስዎ ወይም ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳ።

እርስዎ ባዮሎጂ ባያውቁም ግድ የለም፤ እንዲያውም ባያውቁ ይሻላል። "ይሄ ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው ደጋግመው ይጠይቁ። ቃል በቃል የሸመደደ ልጅ ሁለተኛው "ምን ማለት ነው" ላይ ይቆማል፤ ያነበነበውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። የገባው ልጅ ሌላ ምሳሌ ያመጣል፤ ሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ለምን ውሃ እንደሚያወጣ ይነግርዎታል፣ ወይም ቆም ብሎ "እዚህ ጋ እኔም አልገባኝም" ይላል። ያ "አልገባኝም" ትልቅ ነገር ነው። የት እንዳልገባው በትክክል ጣቱን የሚያስቀምጥ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መምህር ቢሮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

ንባቡ ራሱ ከሃያ ደቂቃ ብዙ የሚያልፍ ከሆነ ችግሩ እንግሊዝኛው ነው ማለት ነው፤ ይህም መድኃኒት አለው። በየቀኑ ግማሽ ገጽ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ማንበብና አዳዲስ ቃላቱን ከነትርጉማቸው በአንድ ደብተር መያዝ በሦስትና በአራት ወር ልዩነቱ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ድንጋይና ሲባጎ

ብዙ ጊዜ እንድትሰጡት የምፈልገው ይህኛው ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ላብራቶሪ ቢኖራቸውም ተማሪው ቆሞ ከማየት አልፎ በእጁ የሚሠራበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ልጁ ለሙከራ ሥራ ምን ዓይነት ባሕርይ እንዳለው ማንም አያውቅም፤ እሱም ጭምር።

እንቁላል የሚያህል ድብልቡል ድንጋይ በሲባጎ ይሰር። ሲባጎውን በበር መቃን ላይ በምስማር ያንጠልጥለው፤ ሲወዛወዝ ምንም እንዳይነካ። ርዝመቱን ከምስማሩ እስከ ድንጋዩ መሐል ድረስ 100 ሴንቲ ሜትር ያድርግ። ድንጋዩን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ወደ ጎን ስቦ ይልቀቀውና የ20 ደርሶ መልስ ጊዜ በስልክ ሰዓት ይለካ። ሦስት ጊዜ ይድገመው። ከዚያ ርዝመቱን 50፣ ቀጥሎም 25 ሴንቲ ሜትር አድርጎ፣ ወደ ጎን የሚስበውንም በዚያው ልክ እያሳነሰ ያንኑ ይሥራ። ሁሉንም በእስክሪብቶ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ የተሳሳተውን ይሰርዝ እንጂ ገጹን አይቅደድ።

እርስዎ ብቻ የሚያውቁት መልስ ይህ ነው፦ በ100 ሴንቲ ሜትር 20 ደርሶ መልስ 40 ሰከንድ ገደማ፣ በ50 ከ28 ትንሽ ከፍ ያለ፣ በ25 ደግሞ 20 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ጂ በጎንደር ከፍታና አቀማመጥ 9.78 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ናት።

አሁን የሚጠብቁት ውጤቱን አይደለም፤ ልጁን ነው። ይህን ሙከራ ለሁለት የሰፈር ልጆች አሠርቼ ደብተራቸውን ጎን ለጎን ሳይ የነበረው ልዩነት አይረሳኝም። ልጁ ለ100 ሴንቲ ሜትር የጻፈው 40.1፣ 40.1፣ 40.1 ነበር። ልጅቷ 41.3፣ 39.8፣ 40.6 ጽፋ ከጎኑ "የመጀመሪያውን ሳልዘጋጅ ነው የለቀቅኩት፣ ንፋስም ነበር" የሚል ማስታወሻ አስቀምጣለች። በካርድ ልጁ ይበልጣታል። ጂ ስንት መምጣት እንዳለባት ከመጽሐፍ ስለሚያውቅ ቁጥሩን ወደዚያ አስተካክሎታል፤ እንዲህ ማድረግ ጥፋት እንደሆነም የነገረው የለም። እሷ ግን ያየችውን ጻፈች። ለኮሌጅ ላብራቶሪ የደረሰችው እሷ ናት፤ እሱም ይህን አንድ ነገር ቢማር ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ሁሉ ከልክ በላይ አንድ ዓይነት ከሆኑ አይቆጡ። "የኔ ልጅ፣ ትክክለኛውን ሳይሆን የመጣልህን ነው የምፈልገው" ይበሉትና እንደገና ያሠሩት። ይህን ቃል ከአባቱ ወይም ከእናቱ አፍ መስማቱ ብዙ ይለውጣል።

ሥራው ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት። አንደኛ፣ ለምን አንድ ደርሶ መልስ ብቻ አልለካህም? (ሰዓቱን ሲጫን እጁ 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ በሁለት ሰከንድ ላይ 10 በመቶ ስህተት ነው፤ በ40 ሰከንድ ላይ ግን 0.5 በመቶ ብቻ።) ሁለተኛ፣ ርዝመቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ጊዜው ለምን ወደ ግማሽ ብቻ ወረደ? (ስኩዌር ሩቱ ነው።) ሦስተኛውና ከባዱ፦ ርዝመቱን እስከ ድንጋዩ መሐል ሳይሆን እስከ ጫፉ ለክተህ ቢሆን ኖሮ ጂ ላይ ምን ይደርስ ነበር?

ለሦስተኛው ወዲያው መልስ አይጠበቅም፤ ሁለትና ሦስት ቀን ይስጡት። በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ የ3 ሴንቲ ሜትር ስህተት ጂን 12 በመቶ ያዛባታል፤ በ100 ላይ 3 በመቶ ብቻ። የጊዜውን ስኩዌር ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ካወጣው ግን መስመሩ ከዜሮ ባይነሳም ተዳፋቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ከተዳፋቱ የምትወጣው ጂ ትክክለኛ ትሆናለች። ይህን ራሱ ያገኘ የ16 ዓመት ልጅ ካለዎት ጥያቄው አብቅቷል፤ ደርሷል። ያላገኘ ግን እራት ላይ ሳይቀር ሲያስበው የዋለም ጥሩ ምልክት አሳይቷል። "መልሱ ምንድን ነው? ንገሪኝና ልገላገል" ያለው ደግሞ ገና ነው።

ሲባጎ ካላማረው የወጥ ቤት ጥያቄ ይስጡት፦ ንፍሮ እዚህ ከመተማ ይልቅ ለምን ይዘገያል? ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። መተማ ቆላ ስለሆነ ወደ 98 ይጠጋል። ልጁ "እንግዲያው ደባርቅ ከኛም ይብሳል" ካለና የግፊት ማብሰያ ድስት ለምን እንደሚያፈጥን ከዚሁ ካያያዘው፣ ሐሳብን ከመጽሐፍ አውጥቶ መጠቀም ይችላል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ የአራት ሳምንት እውነተኛ ሙከራ

እስካሁን ያለው ማጣሪያ ነው። አሁን ልጁ የኮሌጅ ትምህርት እንደ ኮሌጅ ይማር። የምመክረው ኬሚስትሪን ነው፤ ስለ ንጥረ ነገሮች መጠንና ስለ ሶሉሽን፣ ቀጥሎም ስቶይኪዮሜትሪ (በኬሚካል ለውጥ የሚገባውና የሚወጣው መጠን ስሌት) የሚሉትን ምዕራፎች። ሂሳቡንም፣ ንባቡንም፣ ጥንቃቄውንም አንድ ላይ የሚፈትን እንደነሱ ያለ ቦታ አላውቅም። የፍሬሽማኑን ሞጁል በተማሪዎች በኩል ማግኘት አይከብድም። ከዚያ የሚሻል በጥያቄ የበለጸገ መጽሐፍ ከፈለጉ ኦፕንስታክስ የተባለው ድረ ገጽ የኮሌጅ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ መጻሕፍትን በነጻ ያስወርዳል። ሙከራዎችን በስክሪን የሚያሳየው ፌት የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራም በነጻ ነው፤ ብዙዎቹን አውርዶ ያለ ኔት መጠቀም ይቻላል። መብራትና ኔት እንደሚቆራረጥ ስለምናውቅ ሁሉንም ኔት ሲገኝ አስቀድመው ያስወርዱ፤ ጥያቄዎቹን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ያስደርጉ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍል አለው፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይታሰባል። በጠቅላላው በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ልጅዎ ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ ዘጠኝ ሰዓት ይስጥ፤ መቼ እንደሚሆን ራሱ ፕሮግራም ያውጣ። እርስዎ አይቀስቅሱት፣ አያስታውሱት። ይህ ለወላጅ ከባዱ ክፍል ነው። ነገር ግን ምደባ ጅማ ወይም ሀዋሳ ቢደርሰው ዶርም ገብተው የሚቀሰቅሱት እርስዎ አይሆኑም።

በየሳምንቱ መጨረሻ ከምዕራፉ ጀርባ ካሉት ጥያቄዎች አሥሩን ይምረጡለት፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ደብተር ሳያይ ይሥራ። በአራተኛው ሳምንት ሁለቱንም ምዕራፍ የሚያካትት ፈተና ይስጡት። ለማረም የሚረዳ ሰው ካስፈለገ ትምህርት ቤት ያለ የኬሚስትሪ መምህር ወይም ለእረፍት ሰፈር የመጣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይጠይቁ፤ ቡና አፍልታችሁ ካስቀመጣችሁት በደስታ ያርማል።

ሲያርም የሚከተሉትን ይከታተል። የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ዝቅ ቢል አያስጨንቅም፤ የሁሉም ይወርዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ወደ ላይ ይሄዳል ወይ? የተሳሳተውን ጥያቄ ሳይነገረው መልሶ ሠርቶታል ወይ? ከዘጠኙ ሰዓት ስንቱን በእርግጥ ተቀመጠ? በመጨረሻው ፈተና ከአሥር ስድስት ያመጣና በየሳምንቱ የተሻሻለ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ስምንት አምጥቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ካቆመ ልጅ ይልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይቀናዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ልጁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከሆነና ፈተናው ቅርብ ከሆነ ይህን ሙከራ አያስጀምሩት። ከእንግሊዝኛ፣ ከሂሳብ፣ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከባዮሎጂና ከአፕቲትዩድ በድምሩ ግማሹን ማምጣት ይቀድማል።

ደረጃ 7፦ ፍላጎቱ የማን እንደሆነ ይጠይቁ

ጎንደር ላይ ሳይንስ ማለት ለብዙ ቤተሰብ ሕክምና ማለት ነው። የማይገባም አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በየገጠሩ ሲያሠማራ ያደግንበት ከተማ ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው እዚህ ክብር አለው። ግን ልጁ ፊዚክስ እያነበበ ያለው እርስዎን ላለማሳዘን ከሆነ አራቱን ሳምንት ይችላል፣ አራቱን ዓመት አይችልም።

ስለዚህ ከአራቱ ሳምንት በኋላ ለብቻው ያነጋግሩት። ወደ ቁስቋም በኩል አብራችሁ ወጣ ብላችሁ እየተራመዳችሁ ቢሆን ይመረጣል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ እሺ ብቻ የሚል ልጅ ብዙ ነው። "ከነዚህ ምዕራፎች ማንም ሳያዝህ ተመልሰህ የምታነበው የትኛውን ነው?" ብለው ይጠይቁ። አንዱን ከጠቀሰና ለምን እንደወደደው ሳይጠየቅ ከቀጠለ ፍላጎቱ የራሱ ነው። "ሁሉም ጥሩ ነው እማዬ" ካለ ገና አልተናገረም፤ ጊዜ ይስጡት።

እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለውንም ይመልከቱ። በአራቱ ሳምንት የተቆጣ፣ ያልተኛ፣ ኳስና ጓደኛ የተወ ልጅ አእምሮው ቢችልም ሸክሙ በዝቶበታል።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ

በሂሳቡ ሰባትና ከዚያ በላይ ካገኘ፣ የሚያነበውን በአማርኛ ካስረዳ፣ ደብተሩ ላይ ያየውን ከጻፈ፣ አራቱን ሳምንት ራሱን አዝዞ ከጨረሰ ያስጀምሩት። በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ የኮሌጅ ትምህርት አይበልጥ። መጀመሪያ ሂሳቡን ቢይዝ እመርጣለሁ፤ የፍሬሽማኑ ሂሳብ በሎጂክና በሴት ቲዎሪ ስለሚጀምር ለሌላውም አስተሳሰብ ይከፍትለታል። ከዚያ ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ። ባዮሎጂው መጨረሻ ቢሆን አይጎዳውም።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጎደለ ያንኑ አንዱን ለሁለት ወር ይሙላ፤ ሌላውን አያቁም። ሂሳቡ ከጎደለ በቀን አሥር ጥያቄ፣ እንግሊዝኛው ከጎደለ ግማሽ ገጽ ንባብ፣ የሙከራ ሥራው ከጎደለ በሳምንት አንድ የቤት ሙከራ። ከዚያ በሌሎች ጥያቄዎች እንደገና ይፈትሹት።

ሁለትና ከዚያ በላይ ከጎደለ ገና ነው። ይህን ሲነግሩት ቃላትዎን ይምረጡ። "አልቻልክም" አይበሉ፤ ማውጫው ላይ በእርሳስ ያደረገውን ምልክት ያሳዩትና "እነዚህን ምዕራፎች አላስተማሩህም፤ መጀመሪያ እነሱን እንጨርስ" ይበሉት። የ10ኛ ክፍል ልጅ ከሆነ ገና ሁለት ዓመት አለው፤ በዚህ ውጤት ብቻ ወደ ሶሻል አይግፉት፣ በተለይ ሲባጎና ድንጋዩን ከወደደ። የ12ኛ ክፍል ከሆነና ውጤቱም ግማሽ ካልሞላ የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መንገድ ሊኖር ይችላል፤ እዚያ የሚሰጡት ትምህርቶች የጎደለውን መሠረት መሙያ ስለሆኑ እንደ ውርደት አይታዩ። ጎረቤት ቢጠይቅም ልጁ በሚሰማበት "እየከለሰ ነው" ብለው በኩራት ይመልሱ፤ ከስድስት ወር በኋላ ስምንቱን ጥያቄዎች በአዲስ ቁጥር ጽፈው እንደገና ይስጡት።